መምህራኑን ብቻቸውን አንተዋቸው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይልም። ግን ለሌላ ሰው አይደለም፣ ለእኛው ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ አቆሙ ሲባል ለስድብ እንቸኩላለን። ኅዳር 2015 ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝና በጥቅማጥቅም ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ የሰማሁትን አልረሳም። «የተማረ ሰው ለገንዘብ ብሎ ያድማል እንዴ?» «በልጆቻችን ዕድሜ እየቀለዱ ነው!» ይህን ያሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ልጃቸው የሚያሳስባቸው ወላጆች ናቸው። መምህሩ በምን እንደሚያድር ግን ጠይቀው አያውቁም።

አንድ የማውቀው የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ። ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ ማታ የሰው መኪና ይዞ ራይድ ይሠራል። አንድ ምሽት የጫነው ልጅ የራሱ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ልጁ «ቲቸር» ካለ በኋላ እስኪወርድ ትንፍሽ አላለም። ሂሳቡን ሲከፍል ግን «መልሱን ይያዙት» አለው። መምህሩ ይህን ሲነግረኝ አቀርቅሮ ነበር። ልጁ በቅንነት ነው ያደረገው። ማፈር ያለብን እኛ ነን።

ደግሞ ውለታ እንዳለብን እንወቅ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን በማህበራቸው ጥሪ ሥራ ሲያቆሙ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው፣ እውነት ነው። ግን ሌላም ነበር። መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር። አብዛኛው ልጅ በመሠረታዊ ትምህርት ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ነው፣ የድሃ ልጅ ወደ ላይ የሚወጣበትን በር ይዘጋል ብለው ተቃወሙት። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ የተነሳ ሥራ አቁመው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዕቅዱ እንዲዘገይ ተደረገ። ከገበሬና ከጉሊት ሻጭ ቤት ወጥተን ዲግሪ የያዝን ስንቶቻችን ነን?

ከዚያ በኋላ ሂሳቡን የከፈሉት እነሱ ናቸው። ሚያዝያ 1985 ላይ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ስመ ጥሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። የመምህራን ማህበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትም እንዲሁ። ዶክተር ታዬ በ1988 ታሰሩ፣ 15 ዓመት ተፈረደባቸው፣ የተፈቱት በ1994 ነው። የማህበሩ አመራር አቶ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ጠዋት ወደ ቢሮ በእግራቸው ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። አስቡት፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ! እኛ ምን አልን? «ሆድ ይፍጀው» ብለን ወደ ጉዳያችን ሄድን።

ሕጉም ቢሆን አያስጠጋቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኛ መደራጀት፣ ሥራ እስከ ማቆም ድረስም ቅሬታውን ማሰማት እንደሚችል ይናገራል። ግን የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ «በሕግ ይወሰናል» ብሎ ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን አይመለከትም። መምህሩ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ታዲያ ሕግ ያልያዘውን ሰው ሕዝብም ከተወው ምን ይቀረዋል?

«ልጄ ትምህርቱ ይቋረጥበታል» የሚለው ስጋት ይገባኛል። የወላጅ ጭንቀት ቀላል አይደለም። ግን መምህሩ ማታ መሪ ጨብጦ እያመሸ በማግስቱ የሚያስተምረው ትምህርት አልተቋረጠም ትላላችሁ? ዝግጅት የለው፣ ንባብ የለው፣ ጥናት የለው። ድምፅ ሳያሰማ የተቋረጠው ይብሳል።

ስለዚህ ልጅህን ግቢ ያስገባህ ወላጅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጣህ መምህሩ ላይ አይቅደም። ደመወዙን የሚወስነውን ጠይቅ። የመረጥከውን የፓርላማ ተወካይ ጠይቅ። አንተም ተማሪው፣ ክፍል ገብተህ መምህሩን ካጣኸው ወደ ዶርም አትሩጥ። ፈልገህ አግኘውና «ቲቸር፣ ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?» በለው። ቁጭ ብለህም ስማው።