ሁለት አንቀጽ ለማንበብ ስንት ነገር መዝጋት አለብን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ "ይሄን ሳታነበው እንዳትተኛ" ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ርዕሱ ደስ ስላለኝ ወዲያው ከፈትኩት፣ መጀመሪያ የመጣው ግን ጽሑፉ ሳይሆን ስለ ኩኪ (ሳይቱ እኛን ለመለየት ስልካችን ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል) የሚጠይቅ ሰሌዳ ነው፣ የስክሪኑን ግማሽ ይዞ፣ "ተቀበል" የሚለው በትልቁ በደማቅ ቀለም፣ እምቢ ማለት ለሚፈልግ ደሞ ከስር በደብዛዛ ግራጫ "ምርጫዎችን አስተካክል" የምትል ቀጭን ጽሑፍ። እሱን ዘጋሁ። ኖቲፊኬሽን እንላክልህ ወይ አለኝ፣ አይ አልኩ። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ኢሜይልህን አስገባ የሚል ሳጥን ጽሑፉ ላይ ተደረበ፣ የመዝጊያዋ ኤክስ በጣም ትንሽ ስለሆነች ሶስቴ ሞክሬ ነው ያገኘኋት፣ እሱን ስዘጋ ጥግ ላይ ያልከፈትኩት ቪዲዮ በድምጽ ጀመረ፣ ስልኬም ይሞቅ ጀመር። አሁን እንኳን ላነብ ነው ብዬ ጣቴን ሳሳርፍ ጽሑፉ ወደ ታች ዘለለ፣ ዘግይቶ የደረሰ ማስታወቂያ ከላይ ገብቶ ገፍቶት ነው፣ ጣቴ ያረፈው ማስታወቂያው ላይ ሆነና ሌላ ገጽ ተከፈተ። በቃ ዘጋሁትና ተውኩት።

ይሄን ስጽፍ ተናድጄ ነው፣ አልደብቅም። ግን ንዴቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያነብ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያልፍበት ነገር ስለሆነና እንደ ዝናብ ወይ እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር አድርገን ስለለመድነው ነው የሚከነክነኝ። የተፈጥሮ አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር ነው።

እስኪ ትንሽ ሂሳብ እንስራ። ይሄ የምታነቡት ጽሑፍ ከ1000 ቃል በላይ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት የተለመደ አሰራር) ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ 1 ባይት ብቻ ነው፣ እና የኛ ፊደል እንዲህ ሶስት እጥፍ ከብዶም ቢሆን ጽሑፉ በሙሉ ቢበዛ 30 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው እንኳን ብዙ ሳይጠብቅ ያወርደዋል። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የሚባል ዌብሳይቶችን እየዞረ የሚመዝን ፕሮጀክት አለ፣ በፈረንጆቹ 2010 መጨረሻ መለካት ሲጀምር በኮምፒውተር የሚከፈተው መካከለኛ ገጽ (ማለትም ግማሹ ገጽ ከሱ የሚከብድ ግማሹ የሚቀል) ግማሽ ሜጋባይት እንኳን አይሞላም ነበር፣ በ2024 ደሞ 2.6 ሜጋባይት ገደማ ደርሷል። እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ 80 ጊዜ በላይ ማለት ነው፣ ያውም መካከለኛው። ሁሉም ማስታወቂያ ነው እያልኩ አይደለም፣ ፎቶ አለ፣ ፎንት አለ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅስ ኮድ አለ። ግን ፎቶውን የምናየው እኛ ነን፣ የቀረውን ብዙውን አንፈልገውም አናየውምም፣ ዳታውን ግን የምንከፍለው እኛው ነን።

የማናየው ነገር ምንድነው ካላችሁ፣ ዋናው ጨረታ ነው። ገጹን ስንከፍት ያቺ ባዶ የማስታወቂያ ቦታ እዛው ጨረታ ላይ ትወጣለች፣ የት አካባቢ እንዳለን፣ ምን አይነት ስልክ እንደያዝን፣ ምን እያነበብን እንደሆነ ተጠቅሎ ለብዙ ድርጅቶች ይላካል፣ እነሱም የሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ያሸነፈው ማስታወቂያውን ያሳያል። ሄደር ቢዲንግ በሚባለው አሰራር ደሞ የጨረታው ትልቁ ክፍል የሚካሄደው እነሱ ሰርቨር ላይ ሳይሆን በኛው ብራውዘር ውስጥ ነው፣ በኛው ስልክ፣ በኛው ባትሪ። ኔትወርኩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ገጹ የሚንቀራፈፈው፣ ስክሮል ስናደርግ የሚንገጫገጨው፣ ስልኩ የሚሞቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አዲስና ውድ ስልክ የያዘ ሰው ይሄን ላያስተውለው ይችላል። አራት አምስት አመት የቆየ ስልክ የያዘ ሰው ግን በየገጹ ይቀጣል፣ እና እነዚህን ሳይቶች የሚሰሩት ሰዎች አዲሱን ስልክ የያዙት ናቸው፣ ችግሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም እኮ። የመጀመሪያው ባነር ማስታወቂያ ሆትዋይርድ የሚባል ሳይት ላይ የወጣው ኦክቶበር 27 ቀን 1994 ነው፣ አንድ ምስል ነበር፣ ጠቅ ስታደርጉት ወደሌላ ገጽ የሚወስድ፣ በቃ። ፖፕ አፑ የመጣው ከዛ በኋላ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ትራይፖድ የሚባል ሳይት ውስጥ ይሰራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ኮዱን ጻፈው፣ ምክንያቱም አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውር ያለበት ገጽ ላይ ወጥቶ አየና ተቆጣ፣ እነሱም ማስታወቂያውን ከገጹ ለይተን በራሱ መስኮት እናውጣው አሉ። ሰውዬው በ2014 በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታ መጠየቁን አከብርለታለሁ፣ ግን ነገሩ ከእጁ ወጥቷል፣ ብራውዘሮቹ ፖፕ አፕ መዝጋት ሲጀምሩ ማስታወቂያው በሌላ መስኮት መምጣቱን ትቶ ገጹ ውስጥ ገባና ጽሑፉ ላይ መደረብ ጀመረ፣ ያንን ደሞ ብራውዘሩ ከጽሑፉ ለይቶ ሊዘጋው ይቸገራል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ያነበብኩ ጊዜ ነው ሃሳቤ የተቀየረው። በሜይ 2018 የአውሮፓ ህብረት የግል መረጃ ጥበቃ ህግ ስራ ሲጀምር ዩኤስኤ ቱዴይ ለአውሮፓ አንባቢዎቹ መከታተያውንና የማስታወቂያውን ኮድ ያወጣበት ለብቻ የሆነ ገጽ አዘጋጀ። አንድ የድረገጽ ባለሙያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለካቸው፣ የአሜሪካው 5.2 ሜጋባይት፣ የአውሮፓው 500 ኪሎባይት ሆነ፣ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜም ከ45 ሰከንድ ወደ 3 ሰከንድ ወረደ። ያው ጋዜጣ ነው፣ ያው ዜና፣ ያው ፎቶ! አስር እጥፍ የቀለለው አዲስ ቴክኖሎጂ ስለተፈጠረ አይደለም፣ ህግ ስላስገደደ ብቻ ነው። እና "ዘመናዊ ዌብሳይት ያው ከባድ ነው ምን ይደረግ" የሚለኝን ሰው ከዛ ወዲህ አላምነውም። ሲኤንኤንም በ2017 ኸሪኬን ኢርማ በመጣ ጊዜ ኔትወርክ ለተዳከመባቸው ሰዎች ጽሑፍ ብቻ ያለበት ቀላል ገጽ አውጥቷል፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ይቻላል ማለት ነው። በአዘቦቱ ቀን ለምን አይቻልም?

አንባቢው ታዲያ ምን ያደርጋል? የቻለ ራሱን ይከላከላል። አድ ብሎከር፣ ማለትም ማስታወቂያ የሚዘጋ ፕሮግራም፣ የሚጭን አለ፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አድብሎክ ፕላስ በ2006 ነው የወጣው፣ አሁን ብዙ ሰው የሚያምነው ዩብሎክ ኦሪጅንን ነው። ጃቫስክሪፕትን (ያ ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) ጭራሽ አጥፍቶ የሚያነብ አለ፣ ግማሹ ሳይት ባዶ ነጭ ገጽ ሆኖ ይቀርበታል እንጂ ፍጥነቱ ሌላ አለም ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለውን ሴቲንግ ማስታወቂያ ወደሚዘጋ ዲኤንኤስ (የሳይት ስም ሲሰጡት አድራሻውን ፈልጎ የሚያመጣ አገልግሎት) የሚቀይር አለ፣ ይሄ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ምንም አፕ አይፈልግም። አርኤስኤስ (የብዙ ሳይቶችን አዳዲስ ጽሑፎች አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያመጣ አሰራር) የሚጠቀሙም አሉ፣ እኔ ራሴ ወደሱ ተመልሻለሁ፣ የጉግል የአርኤስኤስ ማንበቢያ የነበረው ጉግል ሪደር በ2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው አርኤስኤስ አበቃለት ብሎ ነበር፣ አላበቃለትም።

ለማንም ሰው በመጀመሪያ የምመክረው ግን የንባብ ሞድ ነው። ሳፋሪ ላይ ከ2010 ጀምሮ አለ፣ ፋየርፎክስ ላይም አድራሻው መጻፊያ ጎን ላይ አለች፣ አንዴ ስትነኳት ጽሑፉን ብቻ አውጥታ ታስቀምጥላችኋለች። አባቴ በስልኩ ዜና ያነባል፣ አንድ ቀን ደንግጦ ጠራኝ፣ "ና እስኪ ይሄን ስልክ እየው፣ ቫይረስ ገብቷል ይላል" አለኝ። ሳየው ማስታወቂያ ነው፣ የስልኩን የራሱን ማስጠንቀቂያ አስመስለው የሰሩት፣ ከስር "አሁኑኑ አጽዳ" የሚል። እሱን ቢነካው ምን እንደሚወርድበት እግዜር ይወቅ። ቁጭ ብዬ ንባብ ሞድ አሳየሁት፣ ፊደሉንም አተለቅኩለት፣ ትንሽ አነበበና "ይሄ ያው ጋዜጣው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት እንዳዘንኩ። ሰውዬው ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንበብ የከበደው በአይኑ ድካም ይመስለው ነበር።

አብዛኛው ሰው ግን እነዚህን መላዎች አያውቃቸውም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም፣ እና የሚያደርገው ከሁሉ የከፋውን ነው፣ አይከፍተውም። ርዕሱን ያነባል ያልፋል። ሊንክ ስትለጥፉ ስር የሚጻፈውን አይታችኋል አይደል፣ "እባካችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉልን"፣ "ስክሪንሾት ያለው ሰው"፣ "ባጭሩ ምንድነው የሚለው"። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ይሄን የሚለው፣ ያ ሊንክ ምን እንደሚያስከፍለው በልምድ ስለሚያውቅ ነው። ከዛ አንዱ ተቆርጦ የመጣ አንቀጽ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ የለም፣ ቀኑ የለም፣ ማስተካከያ ተደርጎበት እንደሆነ አይታወቅም፣ እና በሱ ላይ ሶስት ቀን እንጨቃጨቃለን። ስለ ሃሰተኛ ዜና ብዙ ይባላል፣ እውነተኛው ዜና ለመከፈት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ግን ማንም አያነሳም። የተጭበረበረው ስክሪንሾት ወዲያው ነው የሚከፈተው።

ጋዜጠኛ ደሞዝ ይፈልጋል፣ ሰርቨርም በነጻ አይሰራም፣ ይሄን የማይገባኝ ሰው አይደለሁም። የማነበው ነገር በማስታወቂያ መኖሩ አይከፋኝም፣ ጽሑፉ መሃል ረጋ ብሎ የተቀመጠ ምስል ማን ይጠላል፣ ጋዜጣ ሁሌም እንደዛ ነበር። አድ ብሎከር የሚጠቀም ሰው ሌባ ነው ሲሉ ግን አልስማማም። ማስታወቂያ በሚሸጥበት በዚህ መንገድ ሳይቱ ራሱ ምን ማስታወቂያ ገጹ ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ አያውቅም፣ ጨረታው ነው የሚወስነው፣ እና በዛ ቀዳዳ አጭበርባሪም ይገባል። ኤፍቢአይ በዲሴምበር 2022 አጭበርባሪዎች በፍለጋ ውጤት ላይ ማስታወቂያ ገዝተው የታወቁ ድርጅቶችን እየመሰሉ ሰው እያታለሉ ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅ ለህዝብ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ አድ ብሎከር ተጠቀሙ የሚል ነው። ፖሊስ በርህን ዝጋ ያለውን ሰው ባለሱቁ ለምን ዘጋህብኝ ሊለው አይገባም።

ደሞ ይሄም መከላከያ እየጠበበ ነው። የጉግል ብራውዘር ክሮም የኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ህጉን ቀይሮ በ2024 እና 2025 ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን እዛ ላይ መስራት አቁሟል፣ የቀረው ላይት የሚባለው አቅሙ የተቀነሰው ነው። ጉግል ለደህንነት ነው ይላል፣ ከደህንነት ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም አልልም፣ ነገር ግን የብራውዘሩ ባለቤት ዋና ገቢው ማስታወቂያ የሆነ ድርጅት መሆኑን እያወቅን ዝም ብለን መቀበል የለብንም። ፋየርፎክስ ላይ ሙሉው ይሰራል፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ጭምር፣ አይፎን የያዛችሁ ደሞ ከ2015 ጀምሮ ሳፋሪ ኮንተንት ብሎከር የሚባሉ ማስታወቂያ መዝጊያዎችን ይቀበላል።

ስለ ኩኪ ሰሌዳውም አንድ ነገር፣ ብዙ ሰው የአውሮፓ ህግ ነው ያመጣብን ብሎ ያማርራል። ህጉ ሰው እንዲጠየቅ ነው ያለው፣ እምቢ ማለትን እንድትደብቁ አላለም። የፈረንሳይ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ በ2022 መጀመሪያ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ሲያሳውቅ ምክንያቱ ይሄው ነበር፣ መቀበል አንድ ክሊክ ሆኖ እምቢ ማለት ብዙ ክሊክ መሆኑ።

የዛን ጓደኛዬን ሊንክ በኋላ በንባብ ሞድ ከፍቼ ጨረስኩት፣ በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ጸሐፊው ብዙ ሰው አነጋግሮ ለፍቶበታል፣ እና ያ ልፋት ከዛ ሁሉ ሳጥን ስር መቀበሩ ነው ያሳዘነኝ። ስለዚህ ሳይት ያላችሁ፣ ወይ ሳይት የምትሰሩ ሰዎች፣ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። የራሳችሁን ገጽ በአሮጌ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ አካውንታችሁ ውስጥ ሳትገቡ አንድ ቀን ክፈቱት። ለማስታወቂያው ቦታውን ከመጀመሪያው ለክታችሁ ተዉለት፣ ሲደርስ ጽሑፉን እንዳይገፋው። ኢሜይል መጠየቅ ከፈለጋችሁ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ከታች ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ይሰጣችኋል። ኤክሷን የሰው ጣት እንዲችላት አድርጋችሁ አተልቋት። ቪዲዮውም ሰው ካልነካው አይጀምር።