እርማት፦ ሬዲዮው ዝም አለ ማለት ሰማዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «የመቆጣጠሪያ ማማ በሌለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አብራሪው በሬዲዮ ተናግሮ መልስ ካጣ አየሩ ነፃ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው፣ ሕይወትም ያስከፍላል። እኛ ደብረ ብርሃኖች ጣርማ በር ጉም ውስጥ ክላክስ አድርገን መልስ ስላልሰማን ብቻ መታጠፊያውን በፍጥነት አንገባም። ሬዲዮም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ትንንሽ አውሮፕላኖች ጭራሽ ሬዲዮ የላቸውም፤ ያላቸውም የተሳሳተ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዋናው መከላከያ ዓይን ነው። በአውሮፕላኑ የፊት መስታወት ላይ ከቦታው ሳይነቃነቅ እየተለቀ የሚሄድ ነጥብ ካየህ ወደ አንተ እየመጣ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በ90 ኖት (በሰዓት 167 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፊት ለፊት ሲመጡ 1 ኪሎ ሜትር በ11 ሰከንድ ገደማ ያልቃል።

ደግሞ ጥፋቱ የጉም ብቻ አይምሰልህ። አብዛኛው የአየር ላይ ግጭት የሚደርሰው በጠራ ቀን፣ እዚያው ሜዳው አጠገብ ነው፤ በተለይ ለማረፍ ሲቃረቡ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ከኋላ ሲደርስበት። ክንፉ ከታች የሆነ አውሮፕላን ሥሩን አያይም፤ ክንፉ ከላይ የሆነው አናቱን። ሬዲዮውን ተው አላልኩም፦ ያለህበትን፣ ከፍታህንና ሐሳብህን ተናገር፣ ከዚያም ዙሪያህን መቃኘትህን አታቋርጥ።