አሮጌው አይፍረስ፣ አዲሱ ከጎኑ ይሠራ

በቀደም ለንግሥ ምሥራቅ ጎጃም፣ እናቴ አገር ሄጄ ነበር። ቅዳሴው እንዳለቀ የሕንፃ ኮሚቴው ተነሣ። አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ይፈርስና በብሎኬት አዲስ ይሠራል ተባለ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔን ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ኮሚቴው ችግሩን ከራሱ አላመጣውም። ሣር ክዳን ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልጋል፤ ሣሩ ይታጨድበት የነበረው መስክ ደግሞ ታርሷል። ቆርቆሮ ይምጣ ቢሉ አልጣላም። የምጣላው በግድግዳው ነው።

ከውጭኛው ዙር፣ ከቅኔ ማኅሌቱ፣ ወደ ውስጠኛው ዙር፣ ወደ ቅድስት ሲገቡ መሃል ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ ያገኛሉ። ሥዕሉ ያለው እዚያ ነው። ጭቃው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው የሚሣለው። ጭቃው ዝናብ ከነካው ይረግፋል፣ ጨርቁም ተላቆ ይወርዳል። ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ለዚሁ ነው። (ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብላችሁ ክፈፉን እንዳታሳጥሩት፣ አደራ!)

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ግድግዳው አይፍረስ ብዬ ስነግራቸው ሣቁብኝ። «ልጄ፣ የሚኖረው ታቦቱ ነው። ቤቱማ ስንቴ ፈርሶ ተሠርቷል!»

እውነት አላቸው። ጣና ሐይቅ ላይ ያለው የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ምሥረታ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይቆጠራል፤ ሰው የሚያደንቃቸው ሥዕሎች ግን ከዚያ በብዙ የዘገዩ ናቸው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ያለችውን መርጡለ ማርያምንም እዩ። እቴጌ እሌኒ በድንጋይ አሠሯት። በግራኝ ጦርነት ጠፋች። እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 በነገሡት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ኢየሱሳውያን መልሰው ገነቧት። ያም ፈረሰ። ግን ኋላ የመጡት ድንጋዩን ለቅመው አልጨረሱትም፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን ከፍርስራሹ ጎን ሠሩ። አበባ የተቀረጸበት ያ ግድግዳ ዛሬም የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እኛስ እንደነሱ ብናደርግ ምን አለ?

«ከጎኑ መቃብር ነው» አሉኝ አጎቴ። «የአያትህ አጥንት ላይ ልንሠራ ነው?»

ይሄ ከበደኝ። ከሰዓት ግቢውን ዞርኩት። በሰሜን በኩል ጣሪያው የወደቀ ዕቃ ቤት አለ፣ መቃብር የለበትም። በእርምጃ ለካሁት። ወርዱ ሃያ ሁለት፣ ቁመቱ ሃያ አምስት እርምጃ መጣ። ለኮሚቴው ጸሐፊ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው ነው የተመለስኩት።