ይድረስ ለክቡር የእጅ መታጠቢያ በርሜል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ደሴ ውስጥ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት በር ላይ ዛሬም ቆመው ሳይዎት ደስ አለኝ። ያስተከሉዎት ኃላፊ በዝውውር ሄዱ። እርስዎ ግን ንቅንቅ አላሉም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እርስዎም በዚያው ሰሞን ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው፣ ሪባን ተቆርጦልዎት ተመረቁ። ኃላፊው እጃቸውን ሲታጠቡ ፎቶ ተነሱ። ካሜራማኑ «አልወጣም፣ ይድገሙት» አላቸው። ሲደግሙት ውሃው አለቀ። ይኸው እንዳለቀ ነው።

እርግጥ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል ምን ያድርግ? የሚያስቀኝ ሌላው ነው። ስልክ በደወልን ቁጥር «እጅዎን ይታጠቡ» እንባል ነበር። ማን? የወሎ ሰው! ለሶላት በቀን 5 ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ማንቆርቆሪያና ሳፋ አስይዞ የሚያስታጥብ ሕዝብ! መታጠቡ መቼ ጠፋን? ውሃው ነው የጠፋው። ምክር ግን ቦቴ አይፈልግም፣ በነጻ ይፈሳል።

ያኔ ጥበቃው «ሳትታጠብ አትገባም» ይለኝ ነበር። ቧንቧዎን ስጠመዝዘው ሲጥ ይላል። ደረቅ እጄን አሻሽቼ አሳየዋለሁ። «ጎሽ፣ ግባ» ይለኛል። ሳሙናው እንኳ ነበር፤ እንዳይሰረቅ በሲባጎ ታስሮ። ውሃ የማይነካው ሳሙና መቼም አያልቅም።

የማስኩንስ ጉድ ከእርስዎ በላይ ማን አየ? «ያለ ማስክ አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ወረቀት ከጀርባዎ ተለጥፎ ነበር። ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣው ማስኩን አውልቆ ለሚገባው ያቀብላል። «አብሽር፣ ትናንት ታጥቧል» ይለዋል። አንዷ ማስክ ስንት አፍ እንደዞረች አላህ ነው የሚያውቀው። የወሎ ሰው ያለውን ሲያካፍል አይሰስትም፣ ቫይረሱንም አልሰሰተም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች ከበሽታው ጋር ሲተናነቁ፣ እኛ በር ላይ ተውኔት እንሠራ ነበር።

ውስጥ ገብቼ «በርሜሉ ውሃ የለውም» ብዬ ብናገር፣ ሪፖርት አውጥተው አሳዩኝ። «የእጅ መታጠቢያ ተተክሏል ወይ?» ይላል ቅጹ። ተተክሏል፤ መቶ በመቶ። «ውሃ አለው ወይ?» የሚል ግን ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ ውሃ የጠማው ባለጉዳይ እንጂ ቅጹ አይደለም። ቫይረሱ ይህን ሁሉ ገለጠልን፤ እኛም መልሰን ከደንነው።

አሁን የሥራ መደብ ቀይረዋል አሉ። ጥበቃው ዣንጥላውንና ምሳ ዕቃውን እርስዎ ውስጥ ያስቀምጣል። በንብረት መዝገብ ላይ ግን ዛሬም የወረርሽኝ መከላከያ ነዎት። እርስዎን ለማንሳት ኮሚቴ ያስፈልጋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ስልጠና ላይ ናቸው።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ባለጉዳይ

ግልባጭ፦
ለጥበቃው
ለሳሙናው (ካለ)