ጭቃ ሹሙና ብስክሌተኞቹ

በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች፣ በሼፊልድም ሆነ በሊድስ፣ በማንቸስተርም ሆነ በኒውካስል፣ አምስቱን የሥራ ቀናት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ወገቡ የደነዘዘ ሰው እሑድ ሲደርስ ያርፋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አገሩን ገና አላወቀውም። ይህ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ መቀመጫው ላይ ትራስ የተሰፋበት ቁምጣ ለብሶ፣ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ብስክሌት ከመኪናው ጀርባ አስሮ ወደ ተራራ ይሄዳል፤ እዚያም ቀኑን ሙሉ ሲዘንብበት፣ ሲወድቅና ሲነሣ ውሎ፣ ማታ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ወደ ቤቱ ሲመለስ "ግሩም ቀን ነበር" ይላል። ድካሙን በራሱ ገንዘብ ገዝቶታልና የሚከሰው ሰው የለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ድካሙ ሳይሆን፣ ከመሥሪያ ቤት ሸሽቶ ወደ ዱር የወጣው ይኸው ሕዝብ፣ ከመኪናው በወረደ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መሥሪያ ቤቱን ከነሰብሳቢው፣ ከነደንቡና ከነአጀንዳው ተራራው ሥር መልሶ ማቋቋሙ ነው።

ስብሰባው የሚከፈተው በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን መሪ አለው፤ እኔ በልቤ ጭቃ ሹም እለዋለሁ፤ ግብር አይሰብስብ እንጂ በጭቃው ላይ ያለው ሥልጣን ከቀድሞዎቹ ጭቃ ሹሞች የሚያንስ አይደለም። ጭቃ ሹሙ ስም ይቆጥራል፣ የእያንዳንዱን ሰው ፍሬን ይፈትሻል፣ አደጋ ቢደርስ የሚደወልበትን ስልክ ይመዘግባል፣ ከሁሉ ኋላ እየሄደ የወደቀ የሚያነሣ ደጀን ይሾማል። ከዚያም ስለ መንገዱ ማብራሪያ ይሰጣል። "ትንሽ ሽቅብ አለበት" ካለ ብስክሌተኛው የጓደኛውን እጅ ጨብጦ ቢሰናበት ይሻለዋል። "መሐል ላይ ጥቂት ይረጥባል" ካለ እስከ ጉልበት የሚውጥ ማጥ አለ ማለት ነው። "ቁልቁለቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል" ካለ ደግሞ ባለፈው ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ የአንድ ሰው ትከሻ ወልቋል። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሆኖም ጥያቄ የሚያነሣ የለም፤ ምክንያቱም ጥያቄ ማንሣት ስብሰባውን ማራዘም ነው፣ ሰዓቱም ደርሷል።

ይህ የመደራጀት ፍቅር ዛሬ የመጣ አይደለም። ዛሬ ሳይክሊንግ ዩኬ የሚባለው የብስክሌተኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1878 በዮርክሻየሯ ሃሮጌት ከተማ ነው (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን የብስክሌት ጎማ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ግን በ1888 ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ጎማው ነፋስ ከማግኘቱ 10 ዓመት ቀድሞ ተመሥርቷል ማለት ነው፤ ሰዎቹ አጥንታቸው እየተንገጫገጨ አባል ይመዘግቡ ነበር። በ1955 ደግሞ አስፋልት የሰለቻቸው ብስክሌተኞች ራፍ ስታፍ ፌሎውሺፕ የተባለ ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዓላማውም መንገድ በሌለበት በብስክሌት መሄድ ነበር። መንገድ ለሌለው ነገር እንኳ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል።

ዱሩም ቢሆን ዱር ይምሰል እንጂ በወረቀት ተይዟል። የአገሪቱ የካርታ ድርጅት በ1፡25,000 ልኬት በሚያሳትመው ካርታ ላይ የእግረኛ መንገድ በአጫጭር አረንጓዴ ሰረዞች፣ የፈረስ መንገድ ደግሞ በረዣዥም አረንጓዴ ሰረዞች ይታያል። በ1968 የወጣው ሕግ ብስክሌተኛ በፈረስ መንገድ እንዲሄድ ፈቀደለት፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይስጥ የሚል ግዴታም አብሮ ጣለበት። በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ብዙውን ጊዜ ወንጀል ባይሆንም የባለመሬቱን መብት መድፈር ነው። ስለዚህ በተራራው የማዕረግ ቅደም ተከተል ፈረስና እግረኛ ከላይ፣ ብስክሌተኛ ከታች ይቀመጣሉ። በግ በሕጉ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ መጠቀስም አላስፈለገውም፤ መንገዱ መሐል ተኝቶ ሲያመሰኳ ቡድኑ በሙሉ ወርዶ በጭቃው ዳር ዞሮት ያልፋልና ከሁሉም በላይ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ምንጩ ኪንደር ስካውት ነው። በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል የሚገኘው ይህ 636 ሜትር ከፍታ ያለው ዛፍ አልባ አምባ፣ ባለጸጎች ግራውስ የሚባለውን ወፍ የሚያድኑበት ስለ ነበር ለተራው ሰው ዝግ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በብዙ መቶ የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሠራተኞች የሆኑ ሰዎች "ተራራ የሁሉም ነው" ብለው ወጡበት፤ ከዘብ ጠባቂዎች ጋር ተጋፉ፤ ከእነርሱም አምስቱ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው። ግንባር ቀደሙ ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያን ዕለት ፖሊሶች በባቡር ጣቢያው ሲጠብቁት እርሱ ወደ ሄይፊልድ መንደር በብስክሌት ሄዶ አመለጣቸው። ትግሉ ፍሬ አፍርቶ በ2000 በወጣው ሕግ ሕዝብ በክፍት ተራራና ሜዳ ላይ እንደ ልቡ የመዘዋወር መብት አገኘ፤ መብቱ ግን ለእግረኛ ብቻ ነው። ሮትማን ዛሬ በዚያው ብስክሌቱ ቢመጣ እግሩ ይገባል፣ ብስክሌቱ ውጭ ይቀራል።

በዚህም ምክንያት በእያንዳንዱ የመንገድ መገንጠያ ላይ ችሎት ይቆማል። አንዱ ካርታውን ይዘረጋል፣ ሁለተኛው ስልኩን ያወጣል፣ ሦስተኛው መነጽሩን እየጠረገ ሰረዙ ረዥም ነው አጭር እያለ ይመረምራል፤ ዝናቡም በካርታው ላይ የራሱን ሰረዝ ይጨምርበታል። መንገዱ የእግረኛ ሆኖ ከተገኘ ቡድኑ ያለ ማጉረምረም ወደ ኋላ ተመልሶ ኪሎሜትሮችን ይዞራል። ይህን ታማኝነታቸውን አደንቃለሁ። እርግጥ ነው፣ አካባቢው ጭር ሲልና ጉሙ ሲወፍር ረዥሙና አጭሩ ሰረዝ እጅግ እንደሚመሳሰሉም ታዝቤአለሁ።

ስለ ዝናቡ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በሌክ ዲስትሪክት የሚገኘው የሲዝዌይት መንደር በዓመት ወደ 3,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድበታል፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ክረምት ሲገባ መግባቱን እናምናለን፤ እነርሱ ግን ዶፉ በአንገታቸው ገብቶ በጫማቸው እየወጣ "እያባራ ይመስለኛል" ይላሉ።

ዳገቱ ላይ ሌላ ደንብ አለ፤ ማንም ወደ ኋላ አይተውም። ፈጣኖቹ ቀድመው ጫፍ ይደርሱና ይጠብቃሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ ሙዝ ይበላሉ፣ ይተርካሉ፣ እግራቸውን ያፍታታሉ። በመጨረሻ ኋላ የቀረው ምስኪን ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ሳንባው እያፏጨ ሲደርስ ጭቃ ሹሙ በደስታ "ሁላችንም ደርሰናል፣ እንሂድ!" ይላል። ዕረፍት ያላስፈለገው በደንብ አርፏል፤ ዕረፍት ያስፈለገው ግን የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ ጉዞው ይቀጥላል። ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ቃል እንዲህ በግልጽ ሲፈጸም በሌላ ቦታ አላየሁም።

ይህን ሥርዓት ያናጋ ጡረተኛ አለ፤ እርሱም ባለ ባትሪው ነው። ሕጉ የብስክሌቱ ሞተር እስከ 250 ዋት፣ እገዛውም በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነ እንደ ተራ ብስክሌት ይቆጥረዋልና፣ ጡረተኛው በዳገት ላይ እያፏጨ ወጣቶቹን ሲያልፍ ምንም ማድረግ አይቻልም። ወጣቶቹ ሜዳው ላይ "ይህማ ማጭበርበር ነው" ይሉታል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግን እነዚሁ ወጣቶች የዝናብ ካፖርታቸውን፣ ሳንድዊቻቸውንና ፓምፓቸውን እንዲይዝላቸው በትሕትና ይለምኑታል።

ባትሪ የሌለው ደግሞ ይሸከማል። በኪንደር ደቡብ ምዕራብ በኩል የያዕቆብ መሰላል የሚባል የድንጋይ ደረጃ የበዛበት ዳገት አለ። አባታችን ያዕቆብ በሕልሙ መላእክት ሲወጡና ሲወርዱበት ያየው መሰላል ሌላ መሆኑን የምናውቀው፣ በዚህኛው ላይ የሚወጡት ብስክሌታቸውን በትከሻቸው የተሸከሙ የሒሳብ ሠራተኞች በመሆናቸው ነው፤ የሚናገሩትም ከመላእክት የሚጠበቅ አይደለም። መሸከም እንዲያውም በውድድር ደረጃ ይከበራል። ከ1961 ጀምሮ በዮርክሻየር ዴልስ በሚካሄደው የሦስቱ ተራሮች ውድድር ተሳታፊዎች ኢንግልቦሮን፣ ዌርንሳይድንና ፔኒጌንትን ያካለለ ወደ 61 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ይሄዳሉ፤ ከዚህም ጥቂት የማይባለውን ብስክሌቱ ነው ሰውየውን የሚጋልበው። ለተራራ የተሠራ ብስክሌት ግን በዚህ ውድድር የተከለከለ ነው። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ ነገሩ ይቀላል ብለው ፈርተው መሆን አለበት።

ሼፊልድ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ይዘውት ወጥተው የእንዲህ ያለ ቡድን አባል ሆኗል። ጭቃ ውስጥ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ቢልክላቸው ወዲያው ደወሉ። "ልጄ፣ መኪና ገዛሁ አላልከኝም ነበር?" አሉት። አለኝ እማዬ፣ ብስክሌቱን ተራራው ድረስ ያመጣሁት በመኪናው ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ "እንዲህ የሚያደርጉህ ሰዎች እነማን ናቸው? ስማቸውን ንገረኝ፣ ለገብርኤል ልስጣቸው" አሉ። ስማቸውን እንጂ ሌላ ነገራቸውን እንደማያውቅ ያኔ ተገለጠለት።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያመራምር ነው። ለዓመታት አብረው ጭቃ የበሉ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጎማ የነፋስ መጠን እስከ መጨረሻው አሐዝ ያውቃል፤ ሚስት ይኑረው አይኑረው ግን አያውቅም። እኛ ብንሆን ከመኪና ማቆሚያው ሳንወጣ የእናቱን ጉልበት፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የቤት ኪራዩንና የወንድሙን የቪዛ ጉዳይ ጠይቀን፣ አዝነን፣ መክረን እንጨርሳለን። እነርሱ ዘንድ ሐዘን እንኳ የሚነገረው በተዘዋዋሪ ነው። ወዳጄ እንደ ነገረኝ አንድ ዝምተኛ አባል በአንድ ረዥም ዳገት ላይ "ቤቱን ሸጥነው፤ ተለያየን" አለ። ከጎኑ የነበረው ጓደኛው ዳገቱን እስኪጨርስ ምንም አልመለሰም፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ "ብስክሌቶቹስ ለአንተ ደረሱ?" ብሎ ጠየቀው። ደረሱኝ ሲለው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ በእርግጥ ነፋስም ነበር።

የጉዞው እውነተኛ ዓላማ ኬክ ነው። ይህን በአፉ የሚናገር የለም፤ ነገር ግን ብስክሌቱን በጥቂት ግራም ለማቅለል የወር ደመወዝ ያፈሰሰ ሰው፣ ሻይ ቤት ገብቶ የቀነሰውን ክብደት አሥር ጊዜ እጥፍ አድርጎ በሳህን ሲመልስ ዓይኔ አይቷል። የዮርክሻየር ሰው የፍራፍሬ ኬኩን ከዌንስሊዴል አይብ ጋር ይበላል፤ ለመንገድ ደግሞ ኬንዳል ሚንት ኬክ በኪሱ ይይዛል፤ ይህ በ1953 እነ ሂላሪና ቴንዚንግ ኤቨረስት ድረስ የወሰዱት የናና ጣዕም ያለው ስኳር ነው። ሻይ ቤቱ በር ላይ ጭቃ የተላበሱት ሁሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ ተሰልፈው፣ እርስ በርሳቸው ይቅርታ እየተጠያየቁ ይገባሉ።

ወዳጄ በአገሩ ወግ ሁሉንም ሊጋብዝ የተነሣው በዚህ ሻይ ቤት ነው። "ዛሬ የምከፍለው እኔ ነኝ" ሲል እንደ ባህላችን ቢያንስ ሦስት ሰው እጁን ይይዛል፣ አንዱ "በሞቴ!" ይላል፣ ሌላው ኪሱን ሲዳብስ ገበታው ይናጋል ብሎ ክርክሩን ሁሉ አሰናድቶ ነበር። ማንም አልያዘውም። "በጣም ደግ ነህ" አሉትና ተጨማሪ ኬክ አዘዙ። እርሱም ከፈለ። ማታ ገና ቤቱ ሳይደርስ ስልኩ ይጮህ ጀመር፤ እያንዳንዱ አባል የሻይና የኬክ ድርሻውን እስከ መጨረሻዋ ፔኒ አስልቶ ወደ ባንክ ሒሳቡ አስገብቶለታል፤ ጭቃ ሹሙም ድርሻው በትክክል መከፋፈሉን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አባሪ አድርጎ ልኮለታል። ወዳጄ እንደ ስድብ ቆጥሮት ገንዘቡን በማግሥቱ ለየባለቤቱ መለሰ። እነርሱም ስህተት የተፈጠረ መስሏቸው ይቅርታ ጠይቀው መልሰው ላኩለት። ባለፈው ስንገናኝ እንደ ነገረኝ ገንዘቡ አሁንም ይመላለሳል፤ ጉዳዩም በሚቀጥለው እሑድ በመኪና ማቆሚያው ላይ፣ ከፍሬን ፍተሻው ቀጥሎ፣ በሁለተኛ አጀንዳነት ተይዟል።