ማስኩ ከበልጉ በፊት ይለቀም

ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ማስክ ከደሴና ከኮምቦልቻ ጎዳና ጨርሶ አልጠፋም። ግዴታው ቢቀርም በጤና ተቋማትና አቧራ በሚበዛበት ሥራ ላይ ዛሬም ይደረጋል። ሰው ያለ ሐሳብ የሚጥለው ጨርቅ ስለሚመስለው ነው። ሰማያዊው ባለ ሦስት ንብርብር ማስክ ግን ማዳበሪያ ጆንያ ከሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ከፖሊፕሮፒሊን፣ የተሠራ ነው። አይበሰብስም።

የሚያጣራው የመካከለኛው ንብርብር ክር ውፍረቱ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ይህ ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ አይችልም፤ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ቦይ ዳር የከረመ ማስክ ጫፉን ሳብ ብታደርጉት እንደ ጨርቅ አይቀደድም፣ ይፈረፈራል፤ ቀለሙ ነጥቷል፣ የአፍንጫው ሽቦ አግጥጧል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የጣሊያን ጥናት፣ ጨረር የመታው አንድ ማስክ ውሃ ውስጥ ሲናጥ በቀን እስከ 173,000 ቃጫ ሊለቅ እንደሚችል አሳይቷል። የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው፤ የኛ ጎርፍ ግን ከቤተ ሙከራ የዋህ አይደለም።

ደሴ ዳገት ናት፤ ቦይዋ የያዘውን ሁሉ ለቦርከና ያስረክባል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ መስኖ የሚጠለፈውም፣ ከብት የሚጠጣውም እዚያ ነው። ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የጣልነው እዚሁ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይለቀምም? ሀይላንዱን ቆራሌው በገንዘብ ይወስደዋል። ማስክ ግን ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት 300 ያህል ማጎንበስ ይጠይቃል፣ ገዢም የለውም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ዓይኑን የጣለው ፌስታል ላይ ነው።

መፍትሔ ተብለው የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ራሳቸው ጥፋት ናቸው። አንዱ ግቢ ውስጥ ማቃጠል ነው፤ እሳቱ ስለማይበረታ ማስኩ ይቀልጥና ግማሹ ጭስ፣ ግማሹ ጥቁር ቅርፊት ሆኖ አፈር ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው አጥቦ መልሶ ማድረግ ነው፤ ቃጫው ከእጥበቱ ውሃ ጋር በቀጥታ ቦይ ይገባል፣ ማጣሪያውም ይዳከማል።

የሚሠራው ቀላል ነው። ፋብሪካ በሠራተኛ መውጫ በሩ ላይ ክዳን ያለው በርሜል ያስቀምጥ፤ ውስጡ ጆንያ ይግባ፣ ሲሞላ አፉ ታስሮ ከተማው በሚያስተዳድረው ማስወገጃ ይቀበር፣ በዕለቱም አፈር ይልበስ። ሳይሸፈን ካደረ ነፋስ ይመልሰዋል። የጤና ተቋም ማስክ ከዚህ ጋር አይቀላቀል፤ ቦታው የተቋሙ ማቃጠያ ምድጃ ነው። 

መንገድ ላይ ያለው በመጥረጊያ አይነካ፤ የደረቀውን ይፈጨዋል፣ የቀረውን ቦይ ይከተዋል። በመቆንጠጫ ይለቀም። ወሎ በልግም ክረምትም ስላላት ዘመቻው አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በጥር መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ይሁን፣ ለቃሚ ማኅበራትም በኪሎ ሳይሆን በጸዳ ቦይ ሜትር ይከፈላቸው።