እርማት፦ የካርቦን ፕሌት ሞላ አይደለም

«የካርቦን ፕሌቱ እንደ ሞላ ሯጩን ወደፊት ያስፈነጥረዋል፣ ወፍራሙ ሶልም ከጉዳት ይጠብቀዋል» የሚለው አስተያየት ስለ ዘመናዊ የሩጫ ጫማዎች በሰፊው የሚነገር ቢሆንም እርማት ያስፈልገዋል። የካርቦን ፕሌት በጫማው ሶል ውስጥ የሚገባ ስስና ጠንካራ የካርቦን ፋይበር ሰሌዳ ነው። ማንኛውም ጫማ ከተቀበለው ኃይል በላይ መልሶ ሊሰጥ አይችልም፤ ጫማ ከጫማ የሚለየው በሚያባክነው መጠን ነው። ፕሌት ያለው የመጀመሪያው የናይኪ ቬፐርፍላይ የሩጫ ጫማ በቤተ ሙከራ ተጨምቆ ሲለካ ከተቀበለው ኃይል 87 በመቶ ያህሉን መልሷል፤ ይህም በዋናነት በሶሉ ውስጥ ያለው ቀላልና ለስላሳ ፎም (ስፖንጅ መሰል ነገር) ሥራ ነው። ተመራማሪዎች ፕሌቱን በጣቶች በኩል በበርካታ ቦታ ቆራርጠው ሯጮችን በዚያው ጫማ ሲያስሮጡ፣ የሚያወጡት ጉልበት ከነበረው እምብዛም አልተለወጠም። ለነገሩ የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስም እ.ኤ.አ. በ2020 ደንቡን ሲያጠብቅ በአንድ ጫማ ከአንድ ፕሌት በላይ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ በጎዳና ውድድር ከ40 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የሶል ውፍረትንም ከልክሏል። የቬፐርፍላይ ጥቅም ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 4 በመቶም በሯጮቹ መካከል የተወሰደ አማካይ የጉልበት ቁጠባ እንጂ ከሰዓት ላይ የሚቀነስ ጊዜ አይደለም።

ጉዳትን በተመለከተ፣ ሰው ለስላሳ ነገር ሲረግጥ ሳያውቀው እግሩን ስለሚያጠነክር፣ ሶሉ በወፈረ ልክ እግር ከመሬት ጋር ያለው ግጭት ይቀንሳል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ፕሌት ያለው ጫማ የተጫሙ ሯጮች በእግራቸው መሃል አጥንት ላይ የጫና ጉዳት እንደደረሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በሐኪሞች ተዘግቧል፤ ዘገባው ግን በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ጫማውን ጥፋተኛ ለማድረግም አይበቃም።